ሦስት ዓመት የታሰረ አፈር

ደብረ ታቦር፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

መናኸሪያው ገና ከጭጋግ አልወጣም። አምስት ተማሪዎችና መምህራችን ወደ ጉና ተራራ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍረናል። ከወንበሬ ሥር በገመድ የታሰረ ከረጢት አለ።

ሾፌሩ ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ። አፈር ነው፣ ወደ ጉና እመልሰዋለሁ አልኩት።

«ዝናቡ አፈር ሲያወርድ ይከርማል፣ አንቺ ደግሞ ታወጫለሽ?» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ሥራውን ዘግቶ ከሄደ የጥናት ፕሮጀክት መጋዘን ለትምህርት ክፍላችን ዕቃ መጣ። ከመካከሉ አፈር የሞላባቸው አሥራ ሁለት ከረጢቶች ነበሩ። ለዛሬው ጉዞ ስለሚያስፈልጉ ባዶ እንዳደርጋቸው ታዘዝኩ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሲያዙኝ እሮጣለሁ። አሥራ አንዱን የግቢው አበባ መደብ ላይ ዘረገፍኩ፣ የታሰሩባቸውን ወረቀቶችም እየበጠስኩ ጣልኩ። የመጨረሻውን ልፈታ ስል ብቻ ወረቀቱን አነበብኩ፦ «አቶ ጥሩነህ፣ ጉና፣ ላይኛው ማሳ። ሳይመረመር እንዳይደፋ።» ከተጻፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቋጠሮውን ማንም አልነካውም።

ክምር ድንጋይ፣ 1፡30

ሻይና አምባሻ። ከመንገዱ ዳር ድንች የሞላባቸው ጆንያዎች ተደርድረዋል፤ ከበስተጀርባቸው ባህር ዛፍ፣ እንደገና ባህር ዛፍ። ሾፌሩ ድሮ በዚህ ሰዓት ያለ ጋቢ መሪ መያዝ አይቻልም ነበር አለ። ዛሬ በሸሚዝ ነው።

መምህራችን ሻዩን እየጠጣ አስረዳን። ብርድ አፈርን ይቆጥባል፤ የወደቀ ቅጠልና ሥር ቀስ ብሎ ይበሰብሳል፣ ምግቡም ለዓመታት ይቆያል። ሙቀት ሲጨምር መበስበሱ ይፈጥናል። ምግቡ ሥር ሳይቀበለው ይለቀቃል፣ ክረምቱም ጠርጎት ይሄዳል። ከዚያ ወደ ከረጢቴ አየና አዲስ ናሙና እንደምንወስድ፣ የድሮውን ግን ባላነሳው እንደሚሻል፣ አቶ ጥሩነህ ቅር እንደሚላቸው ነገረኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለቴ አሁንም ያናድደኛል።

የጉና ወገብ፣ 4 ሰዓት

ከመንገዱ ወርደን በእግር እየወጣን ነው። ገብስ ብቻ ይበቅልበት የነበረው ቦታ ስንዴ ይዟል። ረጅሙን የደጋ ተክል ጅብራን ፈለግሁት፤ የደረቀ ግንድ አየሁ፣ ሕያዎቹ በጣም ከፍ ብለው ቆመዋል። ብርድ ፍለጋ ይወጣሉ። ተራራ ደግሞ ጫፍ አለው።

ላይኛው ማሳ፣ 5 ሰዓት

አቶ ጥሩነህ የጎርፍ ቦይ እየጠረጉ አገኘናቸው። ሽበታም ናቸው፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ። የዛሬ ሦስት ዓመት የሄድነው እኛ እንደሆንን ሁሉ «መጣችሁ?» አሉን።

ከወሰኑ ወዲያ የጎረቤታቸው የአቶ በልስቲ ማሳ ጥቁር ነው። የእሳቸው ነጣ ብሎ ጠጠሩ ወጥቷል። ለምን እንደተለያየ መምህራችን ጠየቃቸው። ጎረቤታቸው በየበጋው ከብቶቹን ማሳው ላይ እያሳደረ ፍግ ያስገባል አሉ። እሳቸውም አባቶቻቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። አፈር ሊወስዱ የመጡት የፕሮጀክቱ ሰዎች ግን መልሱ እስኪመጣ ፍግ እንዳያስገቡ፣ ምርመራው እንደሚበላሽ ነገሯቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከብቶቻቸውን ሌላ ቦታ አሳደሩ።

አቶ በልስቲ ከወሰኑ ማዶ፣ «አያ ጥሩነህ! የምርመራው ደብዳቤ ደረሰ?» ብለው በቀልድ ተጣሩ።

«ዝም በል አንተ፤ እንግዳ አለ።»

የአቶ ጥሩነህ ልጅ በመጪው ክረምት ማሳው ላይ ባህር ዛፍ ሊተክል ችግኝ አፍልቷል። ባህር ዛፍ ከገባበት በኋላ ገብስ እንደማይመለስ ያውቃሉ። ለልጃቸው መልስ የሚሰጡት በዚህ ሳምንት ነው።

ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከረጢቱን እግራቸው ሥር አስቀምጬ፣ «አባቴ፣ አፈርዎ ይኸው። ማንም አልመረመረውም» አልኩ።

መምህራችን ፊቱን አዞረ። እሳቸው ተቀመጡ። በአንድ እጃቸው ከከረጢቱ፣ በሌላው ከማሳው ዘገኑና ሁለቱንም ከኮዳቸው ውሃ አርሰው ጨበጡ። መዳፋቸውን ሲከፍቱ የከረጢቱ ጥቁር ድቡልቡል ሆኖ ተቀመጠ። የማሳው በጣታቸው መሃል ፈሰሰ።

«ይቺ ናት የኔ» አሉ ጥቁሯን እያዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ታዲያ ልጄ፣ አሁን ፍግ ላስገባ?»

ሦስት ዓመት የጠበቁት ይህን አንድ ቃል ነው። ለመፍቀድ ማን ነኝ? የከለከሏቸውስ እነማን ነበሩ?

«ያስገቡ አባቴ። ዛሬውኑ።»

መምህራችንም ፊቱን መልሶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያስገቡ፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አለ። ፍግ ብቻ ሙቀቱን እንደማይመልስ፣ ግን አፈሩን እንደሚይዝ ነገራቸው። አቶ በልስቲ ሰምተው ኖሮ ወሰኑን ተሻግረው መጡ። አልቀለዱም። እስኪዘራ ድረስ የሁለቱም ቤት ከብት እዚህ ይደር አሉ። አቶ ጥሩነህ ከረጢቱን ማሳቸው ላይ አራገፉና፣ አጣጥፈው መለሱልኝ።

«ልጁ ችግኙን ሌላ ቦታ ይትከለው» አሉ።

ደብረ ታቦር፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ከግቢው በር ቀጥታ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሄድኩ። ከጣልኳቸው ወረቀቶች ሰባቱን አገኘሁ። አራቱን ዝናብ አበስብሷቸዋል። በአበባው መደብ ሳልፍ የግቢው ዘበኛ አበባውን ያጠጣሉ።

«ጥሩ አፈር ነው ያመጣሽልን» አሉኝ። «ከየት አገኘሽው?»

የሰባቱን ሰዎች ስም አነበብኩላቸው። የአራቱን አላውቀውም።