ለሦስቱ ቀናት ምስጋና

በ1970 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ሞጣ ከማስተምርበት ክፍል ተወስጄ፣ ክስ ሳይነገረኝ ቢቸና ታሰርሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ውስጥ እግሬን ሲገርፉኝ ዝም አልሁ። በአራተኛው ቀን የአንዲት ባልደረባዬን ስም ተናገርሁ። በደሉ የተፈጸመው በእኔ ላይ ነው፤ የተናገረው አፍ ግን የእኔ ነው። ሁለቱንም በትክክል መጻፍ እፈልጋለሁ።

የሴቶቹ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ ገና ጤፍ ጤፍ ይሸታል። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የምትገባው ጨረር የመሐሉን ምሰሶ ስትነካ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ጊዜው የጽጌ ጾም ስለነበር፣ ከየቤቱ የመጣው ስንቅ አንድ ላይ ቀርቦ የሚበላው ያን ጊዜ ነው። እንጀራውን የሚቆርሱት፣ የወንድማቸውን ልጅ ደብቀዋል ተብለው የታሰሩ መነኩሲት ነበሩ። አንድ ደንብ አላቸው፤ እያንዳንዷ እህል ከመቅመሷ በፊት በዕለቱ የምታመሰግንበትን ነገር ትናገራለች።

ቃሌን ከሰጠሁ ወዲህ ሁለት ቀን አልበላሁም። ሲጠይቁኝ «ጾም ነኝ» እላለሁ።

«እማሆይ፣ መምህርቷ በለጠችዎት፤ ቆብዎን ይስጧት» አለች አንዲት ጠላ ሻጭ። ሴቶቹ ሳቁ።

መነኩሲቷ አልሳቁም። «ጾመኛ በዘጠኝ ሰዓት ይበላል። ያንቺ በስንት ሰዓት ነው የሚፈታው?»

«አይፈታም» አልሁና የሆነውን ነገርኋቸው።

«ስንት ቀን ዝም አልሽ?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው ለሦስቱ አመስግኚ።»

«አራተኛውስ?»

«እሱ የንስሐ ነው። ንስሐ የሚገባው ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ነው። እግዜር እስከ ዛሬ ታግሦሻል፤ አንቺ ራስሽን እስከ ማታ መታገሥ አቃተሽ?»

ንግግራቸው አላጽናናኝም። ስሕተት ግን አላገኘሁበትም። በጣሳ ውኃ እጄን ታጠብሁ፤ ቀጥ ብዬ ተቀመጥሁ። «ለሦስቱ ቀናት» አልሁና ቆረስሁ። ሽሮው ቀዝቅዟል፤ ጨውም በዝቶበታል።

በማግስቱ መርማሪው ቃሌ የሰፈረበትን ወረቀት አቀረበልኝ።

«ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

«ራስሽ የተናገርሽው አይደለም?»

«የተናገርሁት ተገርፌ ነው። ፊርማ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እሱን አልሰጥም።»

ብዕሩን ከወረቀቱ ጎን አስተካክዬ አስቀመጥሁ። ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማመሰግንበት አላጣሁም።

ባልደረባዬ በዚያው ሳምንት ተወሰደች፤ አልተመለሰችም።

ዛሬም በዘጠኝ ሰዓት አመሰግናለሁ። እንደ መነኩሲቷ ቀሎኝ አይደለም፤ ያለዚያ ራሴን መታገሥ ስለማልችል ነው። አራተኛውን ቀን ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። የቀረኝን አንድ ነገር ግን እሳቸው አያውቁትም። የሚያውቀው ያ መርማሪ በሕይወት አለና እሱን በዚህ ጽሑፍ እጠይቃለሁ፦ እኔ ከመናገሬ በፊት፣ ጠረጴዛህ ላይ በነበረው የተፈላጊዎች ዝርዝር ውስጥ የባልደረባዬ ስም ነበረ ወይስ አልነበረም? በአንድ ቃል መልስ።