ሌባ የሌለበት ሰፈር

ጋሽ ሽመክት ጅጅጋ ተወልደው፣ ጅጅጋ አግብተው፣ ጅጅጋ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አያታቸው በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ከአያታቸው ወደ እሳቸው የተላለፈው ግን ጀግንነቱ ሳይሆን ዘብ መቆሙ ነው። በር ይቆልፉና መቆለፉን ገፋ አድርገው ያረጋግጣሉ። ከዚያ ቁጭ ይሉና «አሁን ያየሁት የዛሬውን ነው የትናንቱን?» ብለው እንደገና ይነሣሉ።

ኮሮና የገባ ዓመት አከራያቸው ወይዘሮ ዑባህ ልጃቸውን ሊድሩ ሆነና ቤቱን ፈለጉት። ብዙ ዘመን አብረው ስለኖሩ ነገሩ የተነገረው በእንባ ነው። በሁለት ሺህ አሥሩ ግርግር ዑባህ ጋሽ ሽመክትንና ሚስታቸውን ጓዳቸው አስገብተው፣ እሳቸው ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው፣ ሊዘርፍ የመጣውን ሁሉ በምላሳቸው መልሰውታል። ጋሽ ሽመክት ይህን ውለታ በየዓውዳመቱ ያነሣሉ። ከዚያ ቀን የያዙት ትምህርት ግን አንድ ብቻ ነው፤ በር ብረት መሆን አለበት።

«ውሃ የማይጠፋበት ሰፈር ፈልግ» አሏቸው ሚስታቸው ወይዘሮ ደስታነሽ።

«ውሃ በቦቴ ይመጣል። ሰላም በቦቴ አይመጣም!»

ፍለጋው ከሻይ ቤት ጀመረ። የትኛው ሰፈር ሌባ እንደሚበዛበት ያገኙትን ሁሉ ጠየቁ። ጅጅጋ ውስጥ ሌባ ሁልጊዜ ከመንገዱ ማዶ ነው። የቪላው ሰፈር ሰዎች «ሌባ ያለው ከብት ገበያው ዘንድ ነው» አሉ። የከብት ገበያዎቹ «ኧረ ከአሮጌው ወፍጮ ጀርባ ነው» አሉ። የወፍጮ ጀርባዎቹ ደግሞ ሳቁና «ሌባማ ቪላ ነው የሚኖረው» አሉ።

በወሬ ሰፈር እንደማይመረጥ የገባቸው ያኔ ነው። ለአቧራው ጥቁር መነጽር፣ ለኮሮናው ጭምብል አደረጉ፤ ኮታቸውን ደርበው በዓይናቸው ሊያዩ ወጡ።

ሥራቸውን በጥንቃቄ ነው የሠሩት። ቪላው ሰፈር የግንቡን ቁመት በክንዳቸው ለኩ፤ የተንጠለጠሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ ጎተት ጎተት እያደረጉ ጥንካሬያቸውን መረመሩ። ልብስ የምታሰጣ ሴት አገኙና «ቀን ቀን ቤት ውስጥ ሰው ይኖራል?» አሏት። ባለሱቁን «ዘበኛው ምሳ የሚበላው ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቁት። ከብት ገበያው ጋ ደግሞ አንድ ሰውዬ ውሻው ይናከስ እንደሆነ ወይስ በባዶው ይጮህ እንደሆነ በትሕትና ጠየቁ። ሰዎቹ እያፈገፈጉ መለሱላቸው። «ጨዋ ሰፈር ነው» አሉ ጋሽ ሽመክት በልባቸው።

በሳምንቱ ባጃጅ ነጂው ዐብዲጀባር ቤታቸው ድረስ አንኳኳ። ዘመድ ነው ባይባልም ገበያ የሚያመላልሳቸው እሱ ነው።

«አደር፣ በር ዝጉ» አለ በሶማልኛ አጎቱን እንደሚጠራ። «ከተማው ውስጥ አዲስ ሌባ ገብቷል።»

«ምን ዓይነት ሌባ?»

«ሽማግሌ ነው አሉ። በጣም ረጅም። ፊቱን ሸፍኖ የሰው ቤት ቁልፍ እየነካካ ይዞራል። ቪላው ሰፈር ታይቷል፤ ከብት ገበያም ታይቷል። ወላሂ፣ ዘበኛው ምሳ የሚበላበትን ሰዓት ሁሉ ይጠይቃል!»

«በስተርጅና!» አሉ ጋሽ ሽመክት ጭንቅላታቸውን ይዘው። ወሬው ቁመት ጨምሮላቸው ስለነበር ራሳቸውን አላወቁትም። ወዲያው ሁለቱን ሰፈሮች ሰረዙ፤ እንዲህ ያለ ሰው በነጻነት ከሚዘዋወርበት ቦታማ አይኖሩም። ወይዘሮ ደስታነሽ ግን ወንበሩ ላይ የተጣለውን ኮት፣ ከዚያ ባላቸውን አዩና ኮቱን አንሥተው ሰቀሉት። ሴትዮዋ ሳቅ ማጠራቀም ያውቁበታል።

የቀረው ከአሮጌው ወፍጮ ጀርባ ያለው ነው። እዚያ ሲደርሱ የሚከራይ ቤት አገኙ፤ በሩም ብረት ነበር! ደስታቸው ሌላ ነው። በሩን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረጉት። በትከሻቸው ገፉት፤ ንቅንቅ አላለም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ከቁልፉ ቀዳዳ ጋር ሲያጋጥሙ፣

«ዋርያ! አንተ ሰውዬ!» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ።

ከመንገዱ ማዶ ጫት የምትሸጠው ናስትሆ ነበረች። ዞር ከማለታቸው የኮታቸው ኮሌታ እጇ ገብቷል። «ቱግ! ቱግ!» ብላ ሌባ መያዟን አወጀች። ዱቄት የለበሰው ወፍጮ ፈጪ መጣ፤ ሴቶቹ መጡ፤ ባጃጆች ቆሙ። ጋሽ ሽመክት የዕቃ ሳጥን ላይ ተቀመጥ ተባሉና ተቀመጡ።

«ቤት ፈላጊ ነኝ!» አሉ በሶማልኛ።

«የሰው ቤት ፈላጊ መሆንህንማ አየን» አለች ናስትሆ። አንድ ብርጭቆ ውሃም አቀበለቻቸው። «ጠጣ፤ ሌባም ይጠማዋል።»

ጠጡ። ጭምብሉን ከሥር ገለጥ አድርገው መልሰው ሸፈኑ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ተወልደው ባደጉበት ከተማ፣ ሳጥን ላይ! መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣቸው ደስ ባላቸው።

የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ሻርማርኬ ተጠርተው ከዘራቸውን እያስቀደሙ መጡ። «ጭምብሉን አውልቁለት» አሉ። ወለቀ። ሽማግሌው ቀረብ ብለው አዩ፤ ደግመው አዩ።

«ሽመክት?»

«ሻርማርኬ!»

«ኧረ ልቀቁት!» አሉ ሻርማርኬ እየሳቁ። «ይሄ ልጆች ሆነን በረኛችን የነበረው ነው። አንድ ኳስ ይዞ አያውቅም፤ የሰው ዕቃ በምን እጁ ይይዛል?»

ሰፈሩ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ሽመክት መጀመሪያ ሊቆጡ ፈለጉ፤ ከዚያ ግን አንድ ነገር ወለል ብሎ ታያቸው። ቪላው ሰፈር ያን ሁሉ ቁልፍ ሲነካኩ ማንም ምን ፈለግህ አላላቸውም፤ ከሄዱ በኋላ ነው ያወሩባቸው። እዚህ ግን ገና አንድ በር መርምረው ሳይጨርሱ ተያዙ። ከሳጥኑ ላይ ሳይነሡ፣

«ቤቱን እፈልገዋለሁ» አሉ።

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ የእህቴ ቤት ነው» አለች ናስትሆ። «ለሌባ አላከራይም። ለበረኛ ግን እናያለን።»

ማታውኑ ለሚስታቸው ሁሉንም ነገሯቸው። ወይዘሮ ደስታነሽ ዐብዲጀባር ካንኳኳ ቀን ጀምሮ ያጠራቀሙትን ሳቅ ለቀቁት፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። በወሩ ገቡ። ሶፋውን ያወረዱት ያን ዕለት ከበዋቸው የነበሩት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ከቤታቸው አንድ ማንኪያ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ቅር የሚላቸው ነገር ግን አለ። በመጀመሪያው ዐቢይ ጾም፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ጠርሙስ የግመል ወተት ኮታቸው ውስጥ ደብቀው በጎን በኩል ሊገቡ ሲሉ፣ ናስትሆ ከመንገዱ ማዶ ሰፈሩ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣

«አደር ሽመክት! ሁዳዴ አልገባም እንዴ?» አለቻቸው።

«ለድመቷ ነው!» አሉ ጋሽ ሽመክት።

ድመት የላቸውም። እሱንም ሰፈሩ ያውቃል።