የአይጦቹ ሱሁር

ዙቤዳ በምርምር ተቋሙ ጓሮ ባለው የአይጥ ቤት መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። የአይጦቹን የሽቦ ኬጅ ታጥባለች፣ ሰጋቱራ ትቀይራለች፣ መኖና ውሃ ታድላለች። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። ጠዋት 18 ማዞሪያ ላይ የታክሲው ረዳት «ቶሎ በይ እናት፣ ሰው ቆሟል!» ሲላት መልስ የምትሰጥበት አቅም እንኳ የላትም። በረመዳን ደግሞ ይብስባታል።

በዚህ ረመዳን የምትጠብቃቸው አይጦች የኢዮሲያስ ነበሩ። ኢዮሲያስ የዓለም ባንክ ሰፈር ልጅ ነው፤ ለማስተርስ ማሟያው ከጥቁር አዝሙድ ፍሬ ተጣርቶ የወጣ ፈሳሽ የደም ስኳር ይቀንስ እንደሆነ ያጠናል። ስኳር እንዲይዛቸው ከተደረጉት አይጦች ግማሾቹን አዝሙዱን፣ ግማሾቹን ውሃ ብቻ እየጋተ ሃያ ስምንት ቀን ቆየ። ዙቤዳ የትኞቹ ምን እንደሚጠጡ ጠይቃ አታውቅም። ነገሩ ግን ደስ ብሏት ነበር። ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር ለሁሉ መድኃኒት ነው ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው።

በመጨረሻው ዕለት ደማቸው እስኪቀዳ ድረስ አይጦቹ ከማታ ጀምሮ መጾም ነበረባቸው። ጠዋት ቀድማ የገባችው እሷ ናት። በበሩ በኩል ያሉት በኋላ እግራቸው ቆመው ሽቦውን ይነክሳሉ። እሷ ሱሁሯን፣ ጾመኛ ሳይነጋ የሚቀምሰውን፣ በልታ መጥታለች። እነሱ ምንም አልቀመሱም።

«ሱሁር የሌለው ጾም ምን ጾም ነው?» አለችና መኖ ዘግና በበሩ በኩል ላሉት በየኬጃቸው ጣል ጣል አደረገችላቸው። ወደ ማዶው ረድፍ ስትዞር የኢዮሲያስ ድምፅ ከውጭ ተሰማ። የቀረውን መኖ መልሳ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

ሦስት ሰዓት ላይ ደማቸው ከልባቸው ተቀዳ። ከዚያ በኋላ በሕይወት የተረፈ አይጥ አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ገደማ ኢዮሲያስ ወረቀት እያውለበለበ መጣ።

«ጌታ ይባረክ! እትዬ ዙቤዳ፣ አዝሙድዎ ጉድ ሠራ! ውሃ የጠጡት ስኳራቸው ጣሪያ ነክቷል፤ አዝሙድ የጠጡት ግን የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም።»

«ውሃ የጠጡት የትኞቹ ናቸው?»

«በበሩ በኩል የነበሩት ናቸዋ።»

የያዘችውን ኬጅ መሬት አስቀመጠች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ብትናገር የምታጣው እንጀራዋን ነው። ግን ጎረቤቷ ሀያቱ ትዝ አለቻት። ስኳር አለባት፤ ይህን ወሬ ብትሰማ በማግስቱ መርፌዋን የምትጥል ሴት ናት።

«ኢዮሲ፣ ልጄ፣ እነሱ እኮ በልተዋል።»

«ምን?»

«ጠዋት አሳዘኑኝ። ሱሁር ሰጠኋቸው፤ ወደ ማዶዎቹ ሳልደርስ አንተ መጣህ።»

ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። የሰጋቱራው ከረጢት ላይ ቁጭ አለ።

«አይጥ እኮ ረመዳን የለውም፣ እትዬ ዙቤዳ» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

ስልኩን አውጥቶ ለጥናቱ አማካሪ ደወለ። «ውጤቱ አይሆንም፣ ዶክተር። በልተው ነበር።»

«ማን እንደሆነ ከጠየቁህ እኔ ነኝ በላቸው» አለችው።

ነገራቸው። ረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ በመሐል ሁለት ጊዜ «እባክዎ» አለ።

«ምን አሉ?»

«ማስጠንቀቂያ ይጻፍብዎታል አሉ። የመኖው ቤት ቁልፍም ከእርስዎ ይወሰዳል።»

«ሥራዬስ?»

«እንደ አዲስ ልጀምር ነው፤ ሃያ ስምንት ቀን ያለ እሷ አይጦቹን ማን ይጠብቅልኛል አልኳቸው። እሺ ብለዋል።»

ዙቤዳ የቁልፍ መያዣዋን አወጣች። ቁልፉን ከቀለበቱ ለማላቀቅ ታገለች። በመጨረሻ ኢዮሲያስ ተቀብሎ ራሱ አወጣው።