የሄክተር ቀስታ

ሄክተር ማክአይዛክ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሰሃኑን አጥቦ፣ ቫዮሊኑን ከሳጥኑ አውጥቶ ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። ጡረታ የወጣ የፖስታ ሾፌር ነው። በደብሩ አዳራሽ ለቅዳሜ ጭፈራ እንዲጫወት አርባ ዓመት ሙሉ ሲለመን፣ «ገና አልደረስኩም» እያለ ኖሯል። ባለፈው ሳምንት ግን ከአፉ አምልጦት እሺ አለ።

ከዚያ ወዲህ አንዱን ፈጣን የጭፈራ ዜማ ድምፅ በድምፅ፣ ቀስ አድርጎ ይለማመዳል። ዜማው ሦስተኛ ጊዜ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ትንሿ ጣቱ ትዘገያለች። ሐሙስ ዕለት ይህችኑ ቦታ ከአርባ ጊዜ በላይ መላለሳት። እስከ ማታ ካልተስተካከለች ለአዳራሹ ሰዎች ደውሎ ሊቀር ወስኗል።

በሩ ተከፈተ። ጎረቤቱ ሴዲ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ በፎጣ የተሸፈነ ድስት ይዛ ገባች።

«እግዜር ያጥናህ፣ ሄክተር።»

«ለምኑ?»

«አትመቀው፣ ይውጣልህ። አክስትህ መቼ አረፉ?»

አክስቱ ኤፊ የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናቸው፤ ሳል ይዟቸው ፎቅ ላይ ተኝተዋል። በእኛ መንደር ቫዮሊን እንዲህ በቀስታ የሚጎተተው ለሞተ ሰው ነው። ሴዲ ደግሞ ድስቱን ከመጣዷ በፊት ለመንደሩ ሁሉ ደውላለች። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ወጥ ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው፣ አራት ድስትና ሁለት የተጠበሰ የአሳማ ጭን ተሰበሰበ።

ኤፊ ጫጫታውን ሰምተው በሌሊት ልብሳቸው ከደረጃው ወረዱ።

«ማን ሞተ?»

ሁሉም ወደ ሴዲ ዞረ።

«እርስዎ» አለች ሴዲ።

«ታዲያ እኔ ሳልቀምስ ትበላላችሁ?» ኤፊ ወንበር ስበው ተቀመጡና ከአሳማው ጭን ወፈር ያለውን አስቆረጡ። «ሄክተር፣ ሰው ደህና ደህና ጫማውን አድርጎ መጥቷል። ያን ነገር እንደ ወጉ አፍጥነው።»

«አክስቴ፣ ገና እኮ...»

«እኔን ገድለህ ደግሞ ገና ትላለህ?»

ሄክተር አንገቱ ድረስ ቀልቶ ጀመረ። ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ተገፋ። ሴዲ በጥቁር ቀሚሷ ወለሉን በተረከዟ ትቀጠቅጠው ጀመር። መታጠፊያው ላይ ጣቱ ዘገየች፤ አንድ ድምፅ ተዘለለ። ጭፈራውን ያቋረጠ ግን አልነበረም።

ሲጨርስ፣ «ሳትኳት» አለ።

«ምኗን?» አለች ሴዲ እያለከለከች። «ይልቅ ድገመው!»

ያን ቀን ለአዳራሹ አልደወለም። ቅዳሜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለተኛውን የጭፈራ ዙር ይጫወታል።