ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ወደ ቤቴ ብመለስ የበላሁት አይረጋልኝም። ማይክ መያዝ አልለመድኩምና ድምፄ ከተንቀጠቀጠ ታገሡኝ። ብዙዎቻችሁ ከፊቴ ይልቅ መኪናዬን ነው የምታውቁት። እዚያ ፓርኪንጉ ጥግ፣ ዛፉ ሥር፣ ኤንጅኗ ሳይጠፋ ትቆም የነበረችው ግራጫ ቶዮታ የእኔ ናት። ባለቤቴን ብዙነሽን በየእሑዱ በር ላይ አወርዳትና ፕሮግራሙ እስኪያልቅ እዚያው ቁጭ እል ነበር። እናንተ እዚህ ስትዘምሩ እኔ እዚያ ራዲዮኑን ከፍ አደርግ ነበር። ኪቦርድ የምትጫወተው ወንድም፣ አንተማ ስንቴ ዜናዬን አቋርጠህብኛል! ዛሬ ግን ይኸው ውስጥ ነኝ። ሃሌሉያ! ስሙ ይባረክ!

ጌታሁን እባላለሁ። ኤርፖርት ሻትል ነው የምነዳው። አንዲት ልጅ አለችን፣ ህሊና፤ ያቺ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገቷን የደፋችው። ቀና በይ ልጄ፣ ገና አልጀመርኩም።

ህሊና ዳውንታውን ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ስትማር በየጠዋቱ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። ከቤታችን ከስኔልቪል ዳውንታውን ድረስ የጠዋቱን ትራፊክ ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ የሚያማርረውን ያንን ትራፊክ እኔ እወደው ነበር። ልጄ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ናት። እራት ላይ «እሺ» እና «አይ» ብላ ክፍሏ ትገባለች። የፊት ወንበር ላይ ቁጭ ስትል ግን አፏ ይፈታል። ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለሚያስፈራት ነገር ሁሉ ትነግረኛለች። መንገዱ በተዘጋጋ ቁጥር እኔ ደስ ይለኛል። ሻትሉን ወደ ከሰዓት ፈረቃ ያስቀየርኩት ለዚያ ብዬ ነው። እናቷ እንኳ የማታውቀውን እኔ አውቅ ነበር፣ በዚህም እኮራ ነበር።

አንድ ጠዋት እዚያው ትራፊክ ውስጥ ቆመን፣ «ዳድ፣ ትራንስፈር ላደርግ ነው» አለችኝ።

«የት?»

«ሌላ ስቴት። ትንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ናት። ኩዌከሮች ናቸው ያቋቋሟት።»

ወገኖች፣ ኩዌከር ሲባል እኔ የማውቀው በካርቶን የሚሸጠውን አጃ ነው። «ኩዌከር ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ክርስቲያኖች ናቸው ዳድ። ሰላም የሚወዱ ሰዎች።»

«እሺ፣ ምን ልትማሪ?»

«መጀመሪያ ማሰብ ነው የሚያስተምሩት።»

«እስካሁን ሳታስቢ ነው እንዴ ሳመላልስሽ የኖርኩት?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ «ዳድ፣ እዚህ ክላስ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። እዚያ ሄጄ ስጎበኝ አስተማሪዋ ምሳ ሳይደርስ በስሜ ጠራችኝ» አለችኝ። እኔ ስምሽን አውቅ የለም እንዴ ልላት ፈልጌ ነበር። ዋጥኩት።

ሄደች። ሻንጣዋን አድርሼ፣ አቅፌ፣ ተመለስኩ። መኪናው ባዶ ሆነ። እሑድ ብዙነሽ ከፊት ስትገባ ወንበሩን ወደ ኋላ ልትገፋው ስትል እጇን ያዝኩት። «ተዪው፣ በህሊና ልክ ነው ያለው» አልኳት። «አንተ ሰው፣ ወንበር ነው እንጂ ሐውልት አይደለም!» አለችኝ። ጉልበቷ ዳሽቦርዱን እየነካ እንደዚያው ተጨማድዳ መጣች። ይቅር በዪኝ ብዙዬ።

ይህንን እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሀዋርድን ነው።

ህሊና ስትደውል «ሀዋርድ እንዲህ አለ»፣ «ሀዋርድ ይህን አሳየኝ» ማለት ጀመረች። «ማነው ሀዋርድ?» አልኳት፣ የክፍል ጓደኛ መስሎኝ። ለካ ከካምፓሱ አጠገብ የሚኖር ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። ኩዌከር ነው፤ እሑድ እሑድ መኪና የሌላቸውን ተማሪዎች ወደ ጸሎት ቤታቸው ያመላልሳል። «ታዲያ አያትሽ የሚሆን ሰው ሀዋርድ ብለሽ ትጠሪዋለሽ?» ብዬ ተቆጣሁ። «ዳድ፣ እነሱ ሚስተር ምናምን አይወዱም፣ ሁሉም ሰው እኩል ነው ይላሉ» አለችኝ።

«መኪናው ውስጥ የት ነው የምትቀመጪው?»

«ምን ማለት ነው? ከፊት ነዋ። ፒክአፕ እኮ ነው፣ የኋላ ወንበር የለውም።»

ከፊት! ቅዱሳን፣ ስልኩን ዘጋሁ። ቀናሁ! ሌላ ስም አልሰጠውም፣ ቅናት ነበር። ኤርፖርት ተሳፋሪ ጭኜ ስሄድ በዓይነ ኅሊናዬ የማየው ያንን ፒክአፕ ነው። ልጄ ከፊት ተቀምጣ እያወራች፣ ያ ሽማግሌ ራሱን እየነቀነቀ። ለኔ ስትደውል አምስት ደቂቃ፣ ለእሱ ሙሉ መንገድ! እኔ ያሳደግኳትን ልጅ እሱ ያዳምጣታል። ብዙነሽ «ቀንተሃል» ስትለኝ፣ «እኔ? በማን? በሽማግሌ?» እያልኩ እጮህባታለሁ።

ደረቴ ሥር እሳት መንደድ ጀመረ። ምግብ አልወርድልህ አለኝ። ዶክተር ጋ ሄድኩ፣ ያልታየ ነገር የለም። ውጤቱን ይዞ መጣና፣ «ጨጓራህ ደህና ነው፣ ልብህም ንጹሕ ነው» አለኝ። ልብህ ንጹሕ ነው ሲለኝ ብዙነሽ አጠገቤ ሆና ሳቀች። ዶክተሩም፣ «ሰሞኑን በቤትህ የተለወጠ ነገር አለ?» ሲለኝ፣ «ምንም» አልኩት። ብዙነሽ ጸልዬልሃለሁ ትላለች። እኔ ደግሞ ጸሎትሽን ለራስሽ እላለሁ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነበርኩ ወገኖች። ጌታ ግን ታገሠኝ፣ ስሙ ይክበር!

በኋላ ህሊና ደወለችና፣ «ዳድ፣ ወላጆች የሚመጡበት ዊኬንድ አለ። እሑድ ጠዋት ጸሎት ቤት እንገናኝ፣ ሀዋርድም ሊያይህ ይፈልጋል» አለችኝ። እኔም ላየው እፈልጋለሁ አልኩ በልቤ! ብዙነሽ ሥራ ላይ ስለነበረች ብቻዬን ተነሣሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እንግሊዝኛ እየተለማመድኩ ነው የነዳሁት። «ሰር፣ እስካሁን ስላደረጉት አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ ለልጄ መኪና የምፈልግላት እኔ ነኝ።» ሃይዌዩ ላይ ጮክ ብዬ ደጋገምኩት። ሳላስበው መውጫውን አለፍኩትና ዘግይቼ ደረስኩ።

ገባሁ። ቤቱ ባዶ ግድግዳ ነው። መድረክ የለም፣ ማይክ የለም፣ ኪቦርድ የለም። አግዳሚዎቹ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ሰዎቹ ተቀምጠዋል፣ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ አንድም ሰው አያወራም። እንደምን አደርክ የሚለኝ ጠፋ። ህሊና ከሩቅ በእጇ ተቀመጥ አለችኝና እሷም አንገቷን ደፋች።

ወገኖች፣ እስቲ ንገሩኝ፣ እኛ ሀገር ሰው እንደዚህ ቤት ሙሉ ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰላምታ ሳይሰጥ ሲያዩት ምን ይባላል? አዎ! ለቅሶ ነው!

መርዶ በስልክ አይነገርም። ልጄ ለካ ና ና ያለችኝ ለዚህ ነው አልኩ። ማን ሞተብኝ? ወንድሜ ነው? እናቴ ናት? ዓይኔን ወዲያ ወዲህ ሳደርግ ህሊና አጠገብ አንድ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ አየሁ። ዓይኑን ጨፍኗል፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ያን ጊዜ ገባኝ። ለቅሶው የእኔ አይደለም፣ የእሱ ነው። ሀዋርድ ሰው ሞቶበታል! ያዘንኩት ማዘን! እኔ ልጣላው የመጣሁት ለካ ሐዘንተኛ ነው። ያ ሁሉ የተለማመድኩት እንግሊዝኛ ከጭንቅላቴ በነነ።

ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳያጽናኑ መቀመጥ ነውር ነው። ተነሣሁ። አዳራሹን አቋርጬ ሄድኩ፣ ጎንበስ አልኩና እጁን በሁለት እጄ ያዝኩ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩት በአማርኛ። ቀጠልኩና በእንግሊዝኛ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «በጣም አዝናለሁ። ማን ነው የሞተብዎት?»

ህሊና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ዳድ! ማንም አልሞተም! አምልኮ ነው! ዝም ብለው ነው የሚያመልኩት፣ እግዚአብሔር ቃል የሰጠው ሰው ብቻ ይናገራል!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እጄን ልስብ ስል ግን ሽማግሌው አለቀቀኝም። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሴት ልጄ» አለ። «አልሞተችም። ግን ከተኳረፍን ዓመታት አልፈዋል። ስደውል አታነሣም። እዚህ ቤት በየእሑዱ እሷን እያሰብኩ እቀመጣለሁ፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እስከ ዛሬ ማን እንደ ጎደለብኝ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

እኔም እንደ ቆምኩ ነኝ።

ቀጥሎ ያለውን ስሙኝ ቅዱሳን። «አንተ አባቷ ነህ አይደል? በአንተ ስቀና ነው የከረምኩት» አለኝ። «ይህቺ ልጅ መኪናዬ ውስጥ ከገባችበት እስክትወርድ ድረስ አባቴ እንዲህ አለኝ፣ አባቴ ትራፊክ ውስጥ እንዲህ ብሎ አሳቀኝ ነው ወሬዋ። አንዳንዴ አድርሻት ስመለስ መንገድ ዳር አቁሜ አለቅሳለሁ።»

ሃሌሉያ! በእኔ! ሰው በእኔ ቀና! እኔ ጨጓራዬ እስኪነድ የቀናሁበት ሰው መንገድ ዳር ቆሞ በእኔ ቀንቶ ያለቅሳል። ልጄ ከእኔ ሄደች ብዬ ስቃጠል፣ ለካ በሌላ ሰው መኪና ውስጥ ሆና ስትተርከው የነበረው እኔን ነው።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁን እንደያዝኩ ዝም አልን። እናንተ ስትሰብኩ ራዲዮ ከፍ አደርግ ነበር፤ እዚያ ከፍ የማደርገው ራዲዮ የለም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ጌታ አገኘኝ። ድምፅ ሰማሁ አልላችሁም። ግን ስንት ዓመት ፓርኪንግ ላይ ሆኜ በራፉን ስዘጋበት የኖርኩት ማን እንደሆነ አወቅኩ። «ጌታ ሆይ፣ በቃኝ፣ ግባ» አልኩት። በአማርኛ፣ በልቤ። ክብር ለእርሱ ይሁን! ስንወጣ ደረቴን ዳበስኩ፣ እሳቱ የለም። ያን ቀን ሦስታችን በዚያ ፒክአፕ ሄደን ምሳ በላን። ጠግቤ በላሁ!

በሚቀጥለው እሑድ ብዙነሽን እዚህ በር ላይ ሳላወርዳት ፓርክ አደረግኩና ኤንጅኑን አጠፋሁ። «ምን ረሳህ?» አለችኝ። «ምንም፣ አብሬሽ ልገባ ነው» አልኳት። ምስኪን፣ መራመድ አቅቷት መኪናውን ተደግፋ አለቀሰች። ጌታን መቀበል የሚፈልግ እጁን ያንሣ ሲባል እጄን ያነሣሁት ያን ቀን ነው።

ዛሬም ፓርኪንጉ ላይ ኤንጅናቸው ሳይጠፋ የተቀመጡ ወንድሞች አሉ፣ ስገባ ቆጥሬያቸዋለሁ። እህቶች፣ ስትወጡ አትስበኩላቸው። ጌታሁን ኤንጅኑን አጥፍቶ ገባ፣ የሚፈራ ነገር የለም በሏቸው። በጌታ ታመኑ፣ ጨጓራችሁንም ልባችሁንም ያውቃል።

አሁን ልጨርስ ነው። ለታንክስጊቪንግ በዓል ህሊና መጥታለች፣ ብቻዋን አይደለም። ያ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ነጭ ጢም ያለው ሰው ሀዋርድ ነው። ዓይኑን ጨፍኗል፣ የተኛ እንዳይመስላችሁ። አስተናጋጆች፣ አደራ አትቀስቅሱት!

ዛሬ ጠዋት ከስኔልቪል ስንነሣ ወንበሩን በህሊና ልክ አስተካክዬ ጠብቄአት ነበር። እሷ የፊቱን በር ከፈተችና፣ «ሀዋርድ፣ አንተ እዚህ» ብላ ከኋላ ገባች። መሠዊያ ፊት ቆሜ አልዋሽም፣ ቁንጥጥ አደረገኝ። ግን እዚህ እስክንደርስ ከኋላ ሆና በጆሮዬ ስታወራኝ፣ አጠገቤ ያለውን ሰው አየሁት። እኛን እየሰማ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮት ያያል። አሁንም ስልኩ ጭኑ ላይ ነው። ትናንት ለልጁ እንደገና መልእክት ትቶላታል።

ቅዱሳን፣ እዚህ ቤት ስልክ አጥፉ ይባላል፣ ትክክል ነው። የእሱን ግን ዛሬ ተዉለት። በመዝሙር መሐል ቢጮኽ ማንም ዞሮ አይገላምጠው። ኪቦርዱም ይቁም፣ ፓስተርም ይታገሡን፤ ሁላችንም ዝም እንበልና ያንሣው።