ውሃው ዘይቱ ውስጥ ነበር

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ የጎረቤት ዶሮ በመኪና መዳጤን ነግሬ፣ ስግደቴን ተቀብዬ፣ ጉልበቴን እያሸሁ ተመልሻለሁ። ይህችን ግን ሾፌር ጉድጓድ እንደሚያልፍ ዞሬ አልፌያታለሁ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ቄስ ባትሆንም ስማኝ። ስግደት ብቻ እንዳታዝብኝ፤ ጉልበቱ አልቋል።

ማንያታ ሰፈር፣ ከአንዲት ግራር ሥር መኪና የምጠግን ሽማግሌ ነኝ። ከኢትዮጵያ ተሰድጄ ወደዚህ ወደ ኬንያዋ ሞያሌ ስመጣ ሙያዬ መፍቻ ማቀበል ነበር። እዚህ ሰው ሁሉ «ፉንዲ» አለኝ፤ በስዋሂሊ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። ስሙ ጣፈጠኝ። ከዚያ ወዲህ «አልችልም» የሚል ቃል ከአፌ ጠፋ። እውቀቱ ግን በስሙ ልክ አልመጣም።

ሃለኬ የሚባል፣ ኦቦ ከተባለ መንደር የመጣ ሰው አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። የሚነዳት ታናሽ ወንድሙ ጃርሶ ነው፤ ሰውና ፍየል ጭኖ ሶሎሎ ከተማ ይመላለሳል። ውሃ መጨረስ ጀመረችና አመጡልኝ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ሞተሩን ሳስነሳ፣ ገና ሳይሞቅ ውሃው እንደ ሽሮ ተንተከተከ። ክዳኑን ስመልሰው ደግሞ የላይኛው የጎማ ቱቦ በግፊት ድንጋይ ሆነ። ይህንን እንኳ አላጣውም፤ የሞተሩ ራስ የሚቀመጥባት ጋስኬት ተበልታለች። አዲሷ ከናይሮቢ መምጣት ነበረባት። ሃለኬ ግን በሰው ፊት፣ «ለነገው ገበያ ትደርሳለች አይደል፣ ፉንዲ?» አለኝ።

«አትደርስም» ብል ምን ነበረበት? አሮጌዋን ጠረግኩ፣ ማጣበቂያ ቀባሁ፣ መልሼ ገጠምኳት። «አዲስ ናት» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሃለኬ መረቀኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።

ጥቂት ሳምንት ቆይታ ሞተሯ ሶሎሎ መንገድ ላይ ተቃጥሎ፣ በገመድ ተጎትታ መጣች። ወንድማማቾቹ እየተጨቃጨቁ ነበር።

«ውሃ ሳታይ ነው የተነሳኸው።»

«ጠዋት ሞልቻለሁ አልኩህ እኮ።»

«ፉንዲ ይፍረድ» አለ ሃለኬ።

የዘይቱን ክዳን ከፈትኩ። ከሥሩ ነጣ ያለ ቡናማ አረፋ ተለጥፏል፤ ቁርጥ የወተት ሻይ። ሞተር ውሃ ሳይጨመርበት ቀርቶ ሲቃጠል ዘይቱ ይጠቁራል እንጂ ሻይ አይሆንም። ጃርሶ የሞላው ውሃ የትም አልሄደም፤ በእኔ ጋስኬት ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ነበር። የጃርሶ ምስክር ጣቴ ላይ ነበር። ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት።

«ውሃ አልነበራትም» አልኩ።

ሃለኬ አልጮኸም። ወንድሙን አየት አድርጎ፣ «ከዛሬ ወዲያ ከእጅህ ውሃ አልጠጣም» አለው። እኔ ለምን ዝም አልኩ? ለስሜ ሳስቼ? ለየትኛው ስም? መፍቻ በማቀበል ለተገኘው?

ይባስ ብሎ ለእርቅ ሽማግሌ ሲላክ እኔም ተመረጥኩ። ሄድኩ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ሃለኬ «ጥፋቱን ይመን» አለ፤ ጃርሶ «ሞልቻለሁ» አለ፤ እርቁ ፈረሰ። ስንመለስ ጃርሶ መንገድ ላይ ጎኔ መጣ።

«ፉንዲ፣ ስሞላ ትዝ ይለኛል። ጀሪካኑ እጄ ላይ ይመጣል። ግን እርስዎ አይተው ካሉ፣ ምናልባት የሞላሁት ሌላ ቀን ይሆን?»

«ሰው ይረሳል» አልኩት።

መኪናዋን ከገደልኩበት ቀን ይልቅ ይህች ቃል ታንቀኛለች። ወንድሙን ወሰድኩበት፤ ከዚያ የገዛ ትዝታውንም ወሰድኩበት።

ሞተር አቃጥሏል ተብሎ መኪና የሚሰጠው ጠፋ። አሁን በአህያ ውሃ ያዞራል። የእያንዳንዱን ጀሪካን ክዳን ከፍቶ ያያል፤ ጥቂት ይሄድና ተመልሶ ደግሞ ያያል። ሰፈሩ ይስቅበታል። «የአህያዋንም ክዳን ከፍተህ እይ» ብሎ መጀመሪያ የቀለደበት ማን ይመስልሃል? እኔ ነኝ።

ባለፈው ዝናብ ሃለኬ ሞተ፤ ቃሉን እንደጠበቀ ሞተ። ጃርሶ ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር። አሁን እውነቱን ብናገር ለጃርሶ ማን ይሰማለታል? አየህ፣ እዚህም ዝምታዬን ልጠግን ማጣበቂያ እየፈለግኩ ነው። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው የአንተ አይደለም።

ጃርሶ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ዘንድ ነው። ዛሬም በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ ቀድቶ አቀበለኝ።

«ይጠጡ፣ ፉንዲ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ።»

አፌን የከፈትኩት ልነግረው ነበር። ጠጣሁበት።