አባቴ የመረቀው ሄሊኮፕተር

ጥፋቱ የኛው ነው። ሄሊኮፕተሩ መጀመሪያ የመጣ ቀን እልል ብለን ነው የተቀበልነው።

የመስቀል ሰሞን ነበር። ቡታጅራ በመስቀል ሰሞን ምን እንደምትመስል ያየ ያውቃል። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ሁሉ ይገባል፤ መኪና በቆመ ቁጥር ሰፈሩ «የማን ልጅ ነው?» እያለ ከአጥሩ ይወጣል። እና ያን ቀን ከሰማይ የሆነ ነገር እያጓራ መጥቶ በቆርቆሯችን ላይ ዝቅ ሲል፣ ከሰፈራችን ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ሲያርፍ፣ ሌላ ምን እናስብ? የአንዱ ልጅ አልፎለት መጣ አልን። ጎረቤቴ «ይሄስ የለየለት ነው!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ደጅ ቆመና ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ መረቀ። በጉራጊኛ ጀመረ፤ እንግዳው አዲስ አበባ ያደገ ከሆነ እንዳያመልጠው ብሎ በአማርኛ ደገመለት። «ዓመት ዓመት ያድርስህ! እግርህ ከደጃችን አይጥፋ! ተመላለስ!» አሜን አልን። ከሁሉ ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምላሴን በቆረጠው።

ምርቃቱ ደረሰ። ሰውየው የማናችንም ልጅ አልነበረም። ከከተማው ወጣ ብሎ ሎጅ የሚያሠራ ባለሀብት ነው አሉን፤ እንግዶቹ የመኪና መንገድ አይወዱም። ፊቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም። መጀመሪያ ዓርብና እሑድ ነበር የሚመጣው፤ ኋላ ግን ደስ ባለው ቀን ሆነ። ሲመጣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ዶሮዎቹ አልጋ ሥር ይገባሉ፣ ያሰጣሁት ልብስ አፈር ይለብሳል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የቆረጥኩት ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ ተነስቶ ይበራል። ይሄን ሁሉ እየተሳደብኩም ቢሆን እችለው ነበር። ያልቻልኩት የአባቴን ነገር ነው።

አባቴ አያይም። እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው ዓይኑ የጠፋው። ከዚያ በፊት ከቆሼ የማረቆ በርበሬ እያመጣ የሚነግድ ሰው ነበር። ዓይኑ ሲጠፋ ሰው ሁሉ «በቃ፣ ቤት ዋለ» አለ። የት ይውላል! በየማለዳው ዱላውን ይዞ፣ ብቻውን አስፋልቱን ተሻግሮ፣ የድሮ ሸሪኩ በርበሬ መደብር ይሄዳል። ሸሪኩ ሙስሊም ነው። አባቴ ገና ከበሩ «አሰላሙ አለይኩም!» ይላል። እሱም «ወአለይኩም ሰላም፣ ጆሮ መጣ!» ብሎ ይቀበለዋል።

ጆሮ የሚሉት በከንቱ አይደለም። ነጋዴ በርበሬ ሲያመጣ አባቴ አንድ እፍኝ ያነሳና ጆሮው ሥር ይነቀንቀዋል። የደረቀ በርበሬ ፍሬው ውስጡ ይንሿሿል፤ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የተረጨበት ግን ድምፅ የለውም። «ይሄ ውሃ ጠጥቷል» ካለ፣ አለቀ። የሚከራከረው የለም።

አስፋልቱንም የሚሻገረው በጆሮው ነው። ዳር ላይ ይቆማል፣ ያዳምጣል። አይሱዙ ከሆነ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ባጃጅ ከሆነ ዱላውን ከፍ አድርጎ ያስቆመዋል። እጁን ልያዘው ስል ይቆጣል። «ዓይኔ እንጂ መንገዴ አልጠፋም!» ይለኛል።

ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ ግን ዓይኑ ሁለተኛ ይጠፋል። የትም ይሁን የት ባለበት ይቆማል፤ ግድግዳ ካገኘ ይደገፋል። ዱላውን በሁለት እጁ ጨብጦ ድምፁ እስኪርቅ ይጠብቃል። ምን ላድርግ? ሰማይ ላይ ድንጋይ አልወረውር።

ቀበሌ ሄድኩ። እዚያ ያለው ልጅ ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ።

«እህቴ፣ አጥር ገፍቶብሻል?»

«አልገፋም።»

«ይዞታሽ ላይ ነው የሚያርፈው?»

«አይደለም፤ በላያችን ነው የሚያልፈው።»

«እንግዲህ እኛ የምናስተዳድረው መሬት ነው። ሰማይ በኛ በኩል አይደለም» አለኝ፤ ከልቡ አዝኖልኝ ነው። ሌላ ቢሮ ላከኝ። ያኛውም ሌላ ላከኝ። ይሄን ለአባቴ ሸሪክ ስነግረው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ንዴቴ ሲመጣ ቀስ ብሎ አያውቅም፤ በነጋታው ማመልከቻ ጽፌ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሰፈሩ ሁሉ ፈረመ። አባቴ ጋ ስደርስ ለአሻራ ጣቱን አላቀርብም አለ።

«አባዬ፣ ከሁላችን የተጎዳኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ሰውየውን ምን ብዬ ነው የተቀበልኩት?»

«ተመላለስ ብለህ።»

«ተመላለሰ። ታዲያ ምን በደለ?»

«የሰፈሩ ልጅ መስሎህ ነዋ!»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። ይሄን ምርቃት ብመልሰው፣ እናንተን የመረቅኩትስ? እሱም ይመለስ?»

ማመልከቻውን ያለ እሱ ጣት አስገባሁ። ዛሬም መልስ የለም።

አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ ነው። የስፌት ቤቴ በር ወደ አስፋልቱ ነው። ከስፌት መኪናዬ ላይ ቀና ስል፣ አባቴ ከመደብሩ ሊመለስ ማዶ ቆሞ ሲያዳምጥ አየሁት። መንገዱ ውስጥ ገባ። መሀል ሲደርስ ያ ነገር ከጣሪያችን ላይ ብቅ አለ፤ እንደዚያ ዝቅ ብሎ መጥቶ አያውቅም። አባቴ ቆመ። ፊቱን ወዲህ ያዞራል፣ ወዲያ ያዞራል፤ የመጣበት ጠፋው። ከቡኢ በኩል አንድ የተጫነ አይሱዙ እየመጣ ነበር። ሹፌሩ ጡሩምባውን ሲደበድብ እጁን አያለሁ እንጂ ድምፁን አልሰማም። «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። የራሴንም ጩኸት አልሰማሁት።

ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጥኩ። ክንዱን ስይዘው ዱላውን አንስቶ ትከሻዬ ላይ አሳረፈብኝ። ሊደግመኝ ሲል እጁን አንቄ ወደ ዳር ጎተትኩት። አይሱዙው አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። የሄሊኮፕተሩ ድምፅ እየራቀ ሄደ።

«ማነህ?» አለኝ አባቴ።

ማነህ! እኔን፣ ገና ከአጥሩ ሳልገባ በእርምጃዬ የሚለየኝን ልጁን።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

ትከሻዬን ዳበሰ፤ ሜትሩን አገኘው። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለ።

«መታሁሽ?»

«ኧረ አልመታኸኝም» አልኩት። ክንዴን ማንሳት አቅቶኝ ሁለት ቀን ስፌት አልሠራሁም።

ከዚያ ወዲያ ቤት ዋለ። ሸሪኩ በኪሱ አንድ እፍኝ በርበሬ ይዞ ሊጠይቀው መጣ። አባቴ ጆሮው ሥር ነቀነቀው። «ደርቋል» አለ። «ታዲያ ጆሮህ ደህና አይደል? ነገ ና እንጂ!» አለው ሸሪኩ። እሺ አለና አልሄደም።

ከሰነበተ በኋላ ሄሊኮፕተሩ ተበላሸ ተባለ። አንድ ሳምንት ሙሉ አልመጣም፤ የሰፈሩ ዶሮ ሳይቀር ተዝናና። አንድ ጠዋት «አባዬ፣ ዛሬ ምንም የለም፣ ሂድ» አልኩት። ባርኔጣውን አደረገ፣ ዱላውን ያዘ፣ ወጣ። እኔ ከስፌት ቤቴ በር ሆኜ አየዋለሁ።

አስፋልቱ ዳር ቆመ። አዳመጠ። አይሱዙ አለፈ፣ ባጃጅ አለፈ፣ ጋሪ አለፈ። ከዚያ መንገዱ ባዶ ሆነ። አሁን ይገባል ስል አልገባም። ሌላ ባጃጅ መጣ፣ አለፈ፤ መንገዱ እንደገና ባዶ ሆነ። አባቴ ቆሟል። አላስችል አለኝና ተጠጋሁ። በእርምጃዬ አወቀኝ፤ ሳልናገር እጁን ዘረጋልኝ።

«ያዢኝ» አለ።

«አባዬ፣ ፀጥ ያለ ነው እኮ። ምንም የለም።»

«ፀጥታውን ነው የማላምነው።»

ያዝኩት። ተሻገርን።

ከመደብሩ በር ላይ ሆኖ «አሰላሙ አለይኩም» አለ። ሸሪኩ ከበርበሬው ላይ ቀና አለና የተያያዘውን እጃችንን አየ።

«ወአለይኩም ሰላም» አለ። ጆሮ መጣ አላለም።